ሻጭ የበዛበት የባለሙያ ገበያ
በኦርላንዶ ሰልፍ ላይ የቆመው ማን ነበር? ኩባንያዎችስ ምን ገዝተው ተመለሱ?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኦርላንዶ ከተማ በሚገኘው ሰፊ የጉባኤ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 26 እስከ 29 ቀን 2023 የቆመው ገበያ ቡናም ወርቅም የሚሸጥበት አልነበረም። ለገበያ የቀረበው የሰው ዕውቀት ነው። ሻጮቹ የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ ገዢዎቹ ደግሞ ስማቸው የገነነ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ነበሩ። በአራቱ ቀናት ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው የተገኘ ሲሆን፣ የሥራ ትርዒቱ በሮች ሲከፈቱ ሻጮቹ ወደ ገዢዎቹ ዳስ ሲሮጡ፣ ሲጋፉና ሲገፈታተሩ የሚያሳዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ዓለምን አዳርሰዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉባኤው «ግሬስ ሆፐር ሴሌብሬሽን» ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1952 ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ኮምፓይለሮች አንዱን ከሠሩትና ለንግድ ሥራ በሰፊው ያገለገለው «ኮቦል» የተባለው ቋንቋ እንዲወለድ ትልቅ ድርሻ ካላቸው አሜሪካዊት የባሕር ኃይል ሪር አድሚራል ግሬስ ሆፐር ነው። በ1994 አኒታ ቦርግ እና ቴሌ ዊትኒ የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ምሁራን በዋሽንግተን ሲጀምሩት የተገኙት 500 ያህል ሴቶች ብቻ ነበሩ። ዓላማውም በሙያው ቁጥራቸው አነስተኛ የነበረ ሴቶች እርስ በርስ እንዲተዋወቁና የምርምር ሥራቸውን እንዲያቀርቡ ነበር።

ኩባንያዎች የመጡት በኋላ ነው። ሴት መሐንዲስ ፈልገው ያጡ ቀጣሪዎች በሺህ የሚቆጠሩትን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገኙበት ቦታ መኖሩን ሲረዱ ገንዘባቸውን ይዘው መጡ። በ2017 የተሳታፊው ቁጥር 18 ሺህ ደረሰ፣ በ2019 ደግሞ 25 ሺህን አለፈ። ጉባኤው የንግግርና የጥናት መድረክ መሆኑን ሳይተው የቅጥር ገበያም ሆነ ማለት ነው።

ለመሆኑ የአንድ ኩባንያ ቡድን ወደዚህ ዓይነት ገበያ ሲሄድ ምን ይሠራል?

ወጪው የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። ኩባንያው ለአዘጋጁ የስፖንሰርነት ክፍያ ይከፍላል፤ እንደ ክፍያው መጠን የዳሱ ስፋትና ቦታው ይለያያል። ዋናው በር አጠገብ ያለ ዳስና ጥግ ላይ የተወሸቀ ዳስ ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ ሱቅ የተከራየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ከዚያ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ አለ፣ በነጻ የሚታደለው ካናቴራና ቦርሳም አለ። ቡድኑ የቅጥር ሠራተኞችንና መሐንዲሶችን ያቀፈ ነው። የቅጥር ሠራተኛው ሲቪ ይቀበላል፣ የጎብኚውን የደረት ባጅ በስልክ አንብቦ ስሙን ይመዘግባል። መሐንዲሱ የሚመጣው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥራ ፈላጊዋ በእርግጥ ሙያውን ታውቀው እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ወግ ለመለየት የሚችለው እሱ ነው። ተስፋ የታየባት ለቃለ መጠይቅ ወደተዘጋጀው ክፍል ትመራለች። በደህናው ዘመን እዚያው ጉባኤው ላይ የቅጥር ጥያቄ ቀርቦላቸው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ሆኖም የኩባንያዎች የሒሳብ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ትልቁ ወጪ የዳሱ ኪራይ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ስድስት ሰዎች ለአራት ቀናት ከሄዱ 24 የሥራ ቀናት ከኩባንያው ሥራ ላይ ተቀንሰዋል። በዚህ ሦስት ሰው ቢቀጠር ለእያንዳንዱ ቅጥር ስምንት የሥራ ቀን ወጥቷል ማለት ነው። የመሐንዲስ ቀን ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ከዚህም የከፋው የጊዜ ጥበት ነው። ስድስቱ ሰዎች ምሳም ሻይም ሳይሉ በቀን ሰባት ሰዓት ቆመው፣ ለእያንዳንዱ ጎብኚ አምስት ደቂቃ ቢሰጡ በቀን 504 ሰው ያነጋግራሉ። የሥራ ትርዒቱ ሦስት ቀን ቢቆይ 1,512 ሰው ይሆናል። ይህ ከ30 ሺህ ተሳታፊ አምስት በመቶ ነው። ሌላው 95 በመቶ ሰልፉን አይቶ የሚመለስ ወይም ሲቪውን ሰጥቶ «በኢንተርኔት አመልክት» ተብሎ የሚሸኝ ነው። ለዚህ መልስ ደግሞ ኦርላንዶ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተጋራው አልቪን ሮዝ ይህን ችግር አስቀድሞ ስም ሰጥቶታል። እንደ እሱ አባባል ገበያ ጥሩ የሚሠራው ሻጭና ገዢ በብዛት ሲገናኙበት ነው። ነገር ግን ሰው ሲበዛ እያንዳንዱን ቅናሽና ጥያቄ ለማየት ጊዜ ያጥራል፤ ገበያው ይጨናነቃል። ከዚያ በኋላ ብዛቱ ራሱ ጥቅም መሆኑ ይቀርና እንቅፋት ይሆናል።

የ2023ቱ መጨናነቅ ግን ከወትሮው ለየት የሚልበት ምክንያት ነበረው። ከኖቬምበር 2022 እስከ ማርች 2023 ባሉት ወራት ብቻ ሜታ በመጀመሪያ 11 ሺህ፣ ቀጥሎም 10 ሺህ፣ አማዞን 18 ሺህ ከዚያም ተጨማሪ 9 ሺህ፣ ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ ሠራተኞቻቸውን እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። ሲደመር 70 ሺህ ነው። በወረርሽኙ ዘመን ያለ ልክ የቀጠሩት ኩባንያዎች ወለድ ሲጨምር መቀነስ ጀመሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂው ግን በቁጥሩ አልቀነሰም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ተመራቂ ከሥራ ከተፈናቀለ ልምድ ያለው ባለሙያ ጋር ለአንድ ወንበር ተሰለፈ።

አሜሪካ ውስጥ ለሚማሩ የውጭ ተማሪዎች ደግሞ ጉዳዩ ከደመወዝ በላይ ነው። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ሲመረቅ በሙያው ለ12 ወራት መሥራት ይፈቀድለታል፤ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተመራቂ ከሆነ 24 ወራት ይጨመርለታል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ያለ ሥራ የሚቆይባቸው ቀናት ተደምረው ከ90 ማለፍ የለባቸውም። ካለፉ አገሩን ለቆ መውጣት ሊገደድ ነው። ደንቡ ለሕንዱም፣ ለቻይናውም፣ ለኢትዮጵያዊውም አንድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው «ኤች ዋን ቢ» የተባለው የሥራ ቪዛ በዓመት በኮታ 85 ሺህ ሲሆን፣ በማርች 2023 ለዕጣው የገባው ምዝገባ ወደ 780 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ያው አንዱ ሰው በተለያዩ ቀጣሪዎች በኩል የተመዘገበበት ነው። ዘጠና ቀን እየቆጠረ ሰልፍ ላይ የቆመን ወጣት «ለምን ሮጥክ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ሯጮቹ እነማን እንደሆኑ ሲታይ ነው። በሴቶች ጉባኤ ላይ ብዙ ወንዶች ተሰልፈው ተገኙ። አዘጋጁ ድርጅት አኒታቢ ዶት ኦርግ ሲመዘገቡ ስለ ጾታቸው ሐሰት የተናገሩ እንዳሉ በመድረክ ላይ በይፋ ወቅሷል፤ የሴቶቹን የቃለ መጠይቅ ጊዜ እንደተሻሙም ገልጿል። በሌላ በኩል ሕጉ በጾታ ማግለልን ስለሚከለክል ወንዶችን በሩ ላይ መመለስ እንደማይችል አልሸሸገም። ግርግር ለሌባ ያመቻል ይባላል፤ ኦርላንዶ ላይ ግን ግርግሩ ለማንም የተመቸ አይመስልም።

የገበያ ሰው እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የዚያ ዓመት ትኬት ዋጋ ከ649 እስከ 1,300 ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘቡ ለተማሪ ቀላል አይደለም። ሆኖም ትኬቱ ከመግቢያነቱ ይልቅ ምልክትነቱ ይበልጣል። ሌላው የኖቤል ተሸላሚ ማይክል ስፔንስ በ1973 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ቀጣሪ የማያውቀውን ሰው ችሎታ ከውጭ ማየት ስለማይችል በሚታይ ምልክት ይመራል፤ ምልክቱ የሚሠራው ግን ለትክክለኛው ሰው ርካሽ፣ ለሌላው ውድ ሲሆን ነው። ግሬስ ሆፐር ለዓመታት እንዲህ ያለ ምልክት ነበር። እዚያ የተገኘች ሴት ሙያዋን የምትወድ፣ በመምህሮቿ ወይም በድርጅቷ የተደገፈች ናት ተብሎ ይታመን ነበር። በ2023 ትኬቱ ለሁሉም እኩል ዋጋ አወጣ፤ ጭንቀት የበዛበት ሁሉ ገዛው። ያን ጊዜ ባጁ ለቀጣሪው የሚነግረው ነገር ጠፋ።

በቡና ቢታሰብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ሲጀምር ትልቁ ሥራው ጨረታው አልነበረም፤ ናሙና ቀምሶ፣ መዝኖና ደረጃ ሰጥቶ ገዢው ጆንያውን ሳይፈታ እንዲገዛ ማስቻሉ ነበር። ለሰው ግን መጋዘንም ቀማሽም የለም። ደረጃ የሌለው ዕቃ ሲበዛ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል ወይም ቀድሞ ከሚያውቀው ሰው ይገዛል። የኮምፒውተር ሙያ ቀጣሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የራሳቸው ሠራተኛ የጠቆመውን ሰው ያስቀድማሉ። ዘመድና አብሮ አደግ የሌለው ባለሙያ ደግሞ ከሰልፉ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ምን ያገባዋል የሚል ካለ፣ መልሱ በእጁ ነው። በ2014 በአዲስ አበባ በተካሄደ የሥራ ትርዒት ላይ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ግሩም አበበና የውጭ አገር ባልደረቦቹ ቀጣሪ ድርጅቶችንና ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ መርጠው አገናኝተው ውጤቱን ለክተዋል። ውጤቱ ትርዒት አዘጋጆችን የሚያስደስት አይደለም፤ ከተገኙት አሥር ድርጅቶች በአማካይ የቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች ከገበያው በላይ ተስፋ ይዘው መምጣታቸው ነው። ሥራ ፈላጊው የሚጠይቀው ደመወዝ ድርጅቱ ከሚከፍለው ይበልጥ ነበር፤ ድርጅቱም ከመጣው የተሻለ ልምድ ያለው ሰው ይጠብቅ ነበር።

ይሁንና ጥናቱ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ትርዒቱ ከሰረ ተብሎ ይዘጋ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ተከታትለዋል። የገበያውን እውነተኛ ዋጋ በዓይናቸው ያዩት ሥራ ፈላጊዎች የሚጠብቁትን ዝቅ አድርገው ፍለጋቸውን አጠናክረዋል፤ ድርጅቶቹም በመደበኛ መንገድ ሠራተኛ ለመፈለግ ይበልጥ ደክመዋል። በተለይ ዝቅተኛ ትምህርት ያላቸው ወጣቶች ቆይተው የተሻለ ሥራ አግኝተዋል። ትርዒቱ ቅጥር ባይሸጥም የዋጋ መረጃ ሸጧል፤ ነጋዴ ደግሞ የዋጋ መረጃ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ወይም ጋዜጣ በኪራይ እያነበበ ለወራት የሚዞር ወጣት የማያገኘው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው አሁን የሚበረታበት ምክንያት አለ። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በጁላይ 2024 ይፋ ባደረገው «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» በተባለው መርሐ ግብር ወጣቶች የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የመረጃ ትንተናና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነጻ በኢንተርኔት እየተማሩ ምስክር ወረቀት እንዲወስዱ ተደርጓል። በዚያው ወር መጨረሻ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ በዶላር የሚከፍል የውጭ ቀጣሪና በብር የሚከፍል የአገር ውስጥ ቀጣሪ ያላቸው ርቀት ሰፍቷል። ጎበዝ የሆነው ፕሮግራመር ቤቱ ሆኖ ለውጭ ሲሠራ፣ ገና የጀመረው በብዙ ሺህ ሆኖ በአገር ውስጥ ኩባንያ በር ይቆማል። ለአገር ውስጥ ቀጣሪ የሚቀረው ሥራ ከብዙ ተመሳሳይ ወረቀት ውስጥ የሚችለውን መለየት ነው፤ ዳስ ተከራይቶ ሲቪ መሰብሰብ ይህን አይሠራለትም።

እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ የተካሄደ ሌላ ጥናት ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። ከሥራ ፈላጊ ወጣቶች መካከል በዕጣ ለተመረጡት አንደኛው ቡድን ወደ መሐል ከተማ ወርዶ ሥራ እንዲፈልግ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ቡድን ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ተማረ፤ ችሎታውም በፈተና ተለክቶ ለቀጣሪ የሚያሳየው ማስረጃ ተሰጠው። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ጠቅመዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ገንዘብ ውጤት ጠፍቷል፤ ተፈትነው ማስረጃ የያዙት ወጣቶች ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በአንድ ሥራ ላይም ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ተገኝተዋል።