የበሩ ጭረትና የኮፈኑ ነጥቦች

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ከፎቅ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ወረድኩ። የመኪናዬ የኋላ በር ላይ «አባ» ተብሎ ተጽፏል። እያንዳንዷ ፊደል መዳፌን ታህላለች። የተጻፈው በጠጠር ነው።

ጸሐፊውን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም። የሰባት ዓመቱ ልጄ ጠጠሩን እንደያዘ አጠገቡ ቆሟል። አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ክረምቱን ሙሉ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ሲጽፍ ነው የከረመው። አሁንም «ጎበዝ» እንድለው እየጠበቀ ነው። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ጎረቤት በየበረንዳው ብቅ ብቅ እስኪል ድረስ እንደጮህኩ መናገር ይበቃል። ልጁ ጠጠሩን ጣለና ማልቀስ ጀመረ።

አባቴ ክረምቱን እኛ ጋ ነበሩ። ጩኸቱን ሰምተው ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ፤ መነጽራቸውን አደረጉና በሩ ላይ ጎንበስ አሉ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር «አ»ን ከላይ እስከ ታች ሄዱባት። ከዚያ ጣታቸውን በዝናብ ውሃ ነክረው ጭረቱን አራሱት። ጽሑፉ ከዓይን ጠፋ ማለት ይቻላል።

«ይኼ ላሜራ አልነካም» አሉኝ። «ልጁን ተወውና ወዲህ ና። ኮፈንህን አይተኸዋል?»

በየቀኑ አየዋለሁ፤ አስተውዬው ግን አላውቅም። ከፊት መብራቱ ከፍ ብሎ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አምስት ነጥቦች አሉ። ሦስቱ እንደተላጠ ቁስል ናቸው። የሁለቱ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፤ ከአንደኛዋ ሥርማ ዝናቡ የዝገት መስመር አውርዷል። አመጣጣቸው ትዝ አለኝ። ግንቦት ላይ ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ከኋላው ተጠግቼ ስነዳ ነው የተወረወሩብኝ። ባለቤቴ «ራቅ በል» ስትለኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳላደርግ ዝናብ አጠጣኋቸው ማለት ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ በዚህ ነገር አልከራከራቸውም። ቢሆንም ነገሩ ከንክኖኝ ሰኞ ጋራዥ ሄጄ ጠየቅሁ። ኮፈኑ በሙሉ ካልተቀባ አይሆንም አሉኝ፤ የጠየቁኝ ገንዘብ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አስታወሰኝ። እውነት ለመናገር ቀለም ቀቢው አላታለለኝም። የኔ ቪትዝ ብርማ ሜታሊክ ናት፤ ሜታሊክ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተረጭቶ ከቀረው ጋር እንዲመሳሰል ማድረግ ከባድ ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ኮፈኑ እንዲያምር ሳይሆን ዝገቱ እንዲቆም ነው። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው መርፌ፣ ስቴኪኒ እና ትዕግሥት መሆኑን አባቴ ነግረውኛል።

ብዙዎቻችን የመኪና ቀለም ወፍራም ይመስለናል። የዘመኑ መኪና በአብዛኛው አራት ስስ ንብርብር ነው ያለው። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለው አለ፤ ይህ በፋብሪካ የመኪናው አካል እንዳለ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለጠፍ ነው። በላዩ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ቬርኒሽ ይመጣል። ሁሉም ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው። የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት 100 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ካሰቡ መኪናዎ ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል ወረቀት የበለጠ ልብስ የለውም።

ልጄ የጻፈው አብዛኛው እላይኛው ክሊር ላይ የቀረ ነው፤ ያ የመልክ ጉዳይ ነው። የጠጠር ምት ግን አይንሸራተትም፤ አንዲት ቦታ ላይ አርፎ ሁሉንም ንብርብር ፈንቅሎ ላሜራው ጋ ይደርሳል። ላሜራ ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል። ዝገቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በዙሪያው ያለውን ደኅና ቀለም ከሥር እየገፋ ያነሳዋል። በተነሳው ሥር እንደገና ውሃ ይገባል። ከላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ከሥር ሳንቲም የምታህለው ለዚህ ነው።

እርስዎም በመኪናዎ ላይ ምልክት ካዩ መጀመሪያ አባቴ ያደረጉትን ያድርጉ። ቦታውን አጥበው ካደረቁ በኋላ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አቋርጠው ይሳቡ። ጥፍርዎ ካልያዘና ሲረጥብ ከጠፋ በፖሊሽ የሚለቅ ነው። ጥፍር ከያዘ ቀለም መሙላት ይፈልጋል። ከውስጡ የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቡናማ ነገር ከታየ ግን ቀን አይስጡት። ምቱ ያለው ፓራውርቲው ላይ ከሆነ አይጨነቁ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፤ የመጨረሻ ተራ ይያዝለት።

ነሐሴ ለቀለም ሥራ አይሆንም። እርጥበት ሥር የታሸገ ቀለም ቆይቶ ይላጣል። እስኪያባራ ድረስ ገና ያልዛጉትን ሦስቱን ነጥቦች በደንብ አድርቀን የባለቤቴን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም አንድ አንድ ጠብታ አደረግንባቸው። ይህ ለጥቂት ሳምንት ማቆያ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ሲቆይ ይሰነጠቃል። የዛጉትን ሁለቱን ግን አልሸፈንናቸውም፤ ዝገት ሳይነሳ ከተሸፈነ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል።

በሩን በዚያው ሰሞን ሠራነው። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ በብዙ ውሃ ከታጠበ በኋላ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጎ በአጭር በአጭሩ ወዲያና ወዲህ ማሸት ነው። አሺው ልጁ ነበር። እንደ ቅጣት ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እንደ ጨዋታ ነው የያዘው፤ «አ» ስትደበዝዝ ደግሞ ቅር ብሎት ነበር። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሉ አሉ። ለፀጉር ቀጭን ጭረት ይረዳል፤ ከዚያ ያለፈ አቅም የለውም። ፖሊሽም ቢሆን ክሊሩን ጥቂት ጥቂት እየበላ ነው የሚያስተካክለው። ወረቀት የማታህል ነገር ላይ በየወሩ አይደረግም። በነገራችን ላይ፣ ብዙው ደቃቅ ጭረት የሚመጣው ከሕፃናት አይደለም። አቧራ የጠጣ መኪና በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ነው የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት በመቀነቻ ያህል ጨርቅ የምንጠርግ ሰዎች በራሳችን እጅ እየጻፍንበት ነው።

ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠራና ቀለም ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ቀለም በዓይን አይገዛም፤ ኮድ አለው። በቶዮታ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ፣ ወይም ኮፈኑ ሲነሳ ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አለ፤ ከ«ሲ/ቲአር» ጎን የተጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር የቀለሙ ነው። ብዙ የምናየው ነጭ 040 ነው፤ ጥቁር 202፣ የኔ ብርማ ደግሞ 1ኤፍ7። ይህ የሚሠራው መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ቀለም ላይ ካለ ነው። እንደ አባቴ አሮጌ ዲኤክስ ሁለት ሦስት ጊዜ የተቀባ ከሆነ ኮዱ አይረዳም፤ የነዳጅ መክደኛውን በር ፈትቶ ለቀለም በጥባጩ ማሳየት ይሻላል። ኮዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ዓመታት ፀሐይ የመታው ቀለም ከአዲሱ ትንሽ ይለያል። ሲገዙ ሃርድነር የማይጨመርበትን ይጠይቁ። ሃርድነር ያላቸው ቀለሞችና ክሊሮች አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አላቸው፤ አስም ያስይዛል፤ የአቧራ ማስክ አይመልሰውም። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቦታውን በሳሙና ውሃ አጠብን፣ አደረቅን። የጥፍር ቀለሙንና የተነሳውን ቀለም በመርፌ ጫፍ ፍቀን አወጣን። ዝገቱን ለማንሳት አባቴ የእርሳስ መጨረሻ ላይ ክብ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፈው ነጥቧ ላይ ብቻ አሽከረከሩት፤ ዙሪያውን ያለውን ደኅና ቀለም ሳይነካ የሚያብረቀርቅ ላሜራ እስኪታይ ድረስ። ሰዓት የፈጀው ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ከቸኮሉ ነው። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ቦታውን ጠረግን፤ ከዚህ በኋላ በጣት አይነካም፤ የጣት ቅባት ቀለም አያስይዝም።

መጀመሪያ ፀረ ዝገት ፕራይመር በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ ይደረጋል። ሲደርቅ ቀለሙ ይቀጥላል። ሜታሊክ ከሆነ ጠርሙሱን ለብዙ ደቂቃ ይወዝውዙ፤ የሚያብለጨልጩት ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ከታች ይዘቅጣሉ። ቀለሙ በስስ በስሱ ነው የሚገባው፤ በየመሃሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየጠበቁ። እኔ የመጀመሪያዋን ነጥብ በአንድ ጊዜ ሞላሁና ጨረስኩ ብዬ ፎከርኩ። ከላይ ደርቃ ከሥር ለስልሳ ቀረች፤ በማግስቱ ስነካት ተጨማደደች። «ሻይ አይደለም የምትቀዳው» አሉኝ አባቴ። ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። ለመጥረግ ጨርቅ ጫፍ ላይ ትንሽ ቲነር ይበቃል። የፋብሪካ ቀለም ለአፍታ ይቋቋመዋል፤ ጋራዥ የተቀባ መኪና ላይ ግን ቲነሩ አሮጌውንም ቀለም ሊያነሳው ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ስለ ቲነሩ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሱቅ የመጣው በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀድቶ ነበር። መልኩ ውሃ ነው። መሬት ላይ አስቀምጬ ጎንበስ እንዳልኩ ልጁ ሲጫወት ቆይቶ ላብ በላብ ሆኖ መጣና ፕላስቲኩን አነሳ። ክዳኑን ከፍቶታል። አባቴ እጁን ይዘው ቀሙት። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ሥራ አልቀጠልንም፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቲነር፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን በመጠጥ ዕቃ ቤትዎ አይግባ፤ ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ቆርቆሮ ይዘው ይሂዱ። እግዜር አያድርገውና ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ አይሞክሩ፤ ሲመለስ ወደ ሳምባ ገብቶ የባሰ ይጎዳል። ወተትም ሌላም ሳይሉ፣ ዕቃውን ጭምር ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሮጣሉ። እኔ አሁን ቲነሩን የማስቀምጠው መክደኛው በሚጠብቅ ቆርቆሮ፣ ቁምሳጥን አናት ላይ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠልን። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ከዙሪያው እኩል እስኪሆን ሦስቴ ደጋገምነው፤ በማግስቱ ክሊሩን ጨመርን፤ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቀር። ከሳምንት በኋላ ከፍ ያለውን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በሳሙና ውሃ እያራስን፣ በቀስታ አስተካከልነው። እጁ የማይረጋ ሰው ይህችን ደረጃ ቢዘላት እመክራለሁ። ትንሽ ያበጠች ነጥብ ምንም አትጎዳም፤ ክሊሩን ጠርምሶ ያለፈ ብርጭቆ ወረቀት ግን ጋራዥ ያስኬዳል።

በቤት የማይሞከርም አለ። ላሜራው ከጎደጎደ፣ ዝገቱን ሲፍቁት መርፌው ካለፈ፣ ወይም ቀለሙ እንደ ጉበት ቁራጭ በሰፊው ከተነሳ ወደ ባቲላሜራ ይሂዱ። የዕንቁ ዓይነት ነጭ የሚባለውም አለ፤ ቀለሙ በሁለት ዙር ስለሚረጭ በስቴኪኒ አይመሳሰልም፤ ለዝገት መከላከያ ብቻ ካልሆነ።

ሰም ለመቀባት አንድ ወር ጠብቀን ኅዳር መጨረሻ ላይ ቀባን። አዲስ ቀለም ሳይተነፍስ በሰም አይታፈንም። አምስቱ ነጥቦች ከሁለት እርምጃ አይታዩም፤ ጎንበስ ላለ ሰው ትንሽ ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ በስቴኪኒ የገባ ሜታሊክ እንደተረጨው አይተኛም። ቡናማ ነገር ግን እስካሁን አልተመለሰም። በሩ ላይ «አ» ጨርሳ ጠፍታለች። የ«ባ» ረጅሟ እግር ግን ጠለቅ ያለች ስለነበረች ፖሊሹ አላወጣትም። ላሜራ ስላልነካች ለጊዜው ትቻታለሁ። አያቱ በመጡ ቁጥር ልጁ እጃቸውን ይዞ ይወስዳቸውና በአውራ ጣቱ ጥፍር ይሄድባታል።

«አባባ፣ ይቺኛዋ ትይዛለች» ይላቸዋል።