ርዕስን ርዕስነቱን የሚያውቅ ፕሮግራም

በዎርድ አንድን መስመር ብናተልቀውና ብናደምቀው ለዓይን ርዕስ ይመስላል። ለኮምፒውተሩ ግን የደመቀ መስመር ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ለሁለት ገጽ ደብዳቤ ይህ አይከብድም። ብዙ ሰው እየተቀባበለ በሚጽፈው ወፍራም የማሽን ጥገና መመሪያ ላይ ግን አንዱ ማስጠንቀቂያውን በቀይ ይጽፋል፣ ሌላው በሳጥን ያስገባል፣ ሦስተኛው ጨርሶ ይረሳዋል። በጥገና ሥራ የተረሳ ማስጠንቀቂያ እጅ ያስቆርጣል።

ፍሬምሜከር ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ የተሠራ የኅትመት ፕሮግራም ነው። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1995 ፍሬም ቴክኖሎጂን ሲገዛ አብሮ ወረሰው፤ በ2002 የወጣው 7.0 ቅጂ ደግሞ የጽሑፍን ክፍሎች በስም ለይቶ ከሚመዘግበው ከኤክስኤምኤል ጋር አቆራኘው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የጽሑፍ ክፍል ምን እንደሆነ የሚናገር ስም ይሰጠዋል፦ ምዕራፍ፣ ርዕስ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ደረጃ። የትኛው በየትኛው ውስጥ እንደሚገባ የሚደነግገው ኢዲዲ የተባለ ሰነድ ነው። ኢዲዲው «ከደረጃዎቹ በፊት ማስጠንቀቂያ ይኑር» ካለና ጸሐፊው ከዘለለው፣ የሰነዱን አወቃቀር የሚያሳየው መስኮት ክፍተቱን በቀይ ይጠቁማል። የፊደሉን መጠንም የሚወስነው ይኸው ኢዲዲ ነው፤ አንዱ «ርዕስ» በምዕራፍ ሥር ሲውል ይተልቃል፣ በንዑስ ክፍል ሥር ያንሳል። ጸሐፊው ሐሳቡን ለይዘቱ ብቻ መስጠት መቻሉ ለእኔ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ውለታ ነው።

ለእነዚህ ክፍሎች በአማርኛ ስም ማውጣት ግን ለዓመታት አይቻልም ነበር። በየካቲት 1998 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ኤክስኤምኤል 1.0 ለክፍሎች መለያ ስም (ለታግ) የፈቀደው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ በሆነው በዩኒኮድ 2.0 የነበሩትን ፊደላት ነው፤ የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አማርኛ ቢሆንም «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ስም በሌላ ፊደል መጻፍ ነበረበት። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 በሩን ቢከፍትም የተቀበሉት ፕሮግራሞች ጥቂት ነበሩ። የ1.0 አምስተኛ እትም በኅዳር 2008 ገደቡን አነሣ። ፍሬምሜከር ራሱ ዩኒኮድን የተቀበለው በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው 8ኛ ቅጂው ነው።

መዝገበ ቃላት ወይም የሕግ ስብስብ በአማርኛ ታግ ለማዋቀር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ፋይሉን የሚያነቡትን ፕሮግራሞች ሁሉ ይፈትሽ። ከአምስተኛው እትም በፊት በነበረው ደንብ የሚሠሩ አሁንም አሉ፤ እነሱ የግእዝ ስም ያለውን ፋይል ስሕተት አለበት ብለው ይመልሱታል።