ድመት የማትፈራ አይጥ

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ ሲገባ አይጥም ተከትላ ትገባለች። ስለዚህ በወረታ ዙሪያ ያሉ እናቶች ድመት ማሳደጋቸው ደግ ነው፤ እኛም ድመቷን አባሩ አንልም። ነገር ግን በድመትና በአይጥ መካከል የሚመላለስ፣ በዓይን የማይታይ አንድ ተውሳክ አለና እርሱን ማወቅ ይገባል። ስሙ ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ ይባላል። ጎንዲ ሲባል ጎንደር የመጣ ለሚመስለው ሰው፣ አይደለም፤ በ1908 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በቱኒስ ከተማ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል አውሬ ውስጥ ስለ ተገኘ ነው።

አይጥ የድመትን ሽታ በተፈጥሮዋ ትፈራለች። ድመት አይታ የማታውቅ፣ በቤተ ሙከራ የተወለደች አይጥ እንኳ የድመት ሽንት ከሸተታት ትሸሻለች። በ2000 (በፈረንጆች) የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት አይጦችን በአንድ ግቢ ለቀው፣ በአንዱ ማዕዘን የራሳቸውን ሽታ፣ በሌላው ውሃ፣ በሌላው የጥንቸል፣ በአራተኛው የድመት ሽንት አደረጉ። ጤነኞቹ ከድመቷ ማዕዘን ራቁ። ተውሳኩ ያለባቸው ግን አልራቁም፤ እንዲያውም ወደዚያው የሚያዘወትሩ ነበሩ። ለምን ቢባል፣ ተውሳኩ በአይጧ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል፤ ዘሩን የሚያፈራው ግን በድመት አንጀት ብቻ ነው። አይጧ ስትበላ እርሱ ቤቱ ገባ ማለት ነው። የማስታወስ ችሎታዋንም ይቀንስ እንደሆነ ተመርምሯል፤ አንዳንዱ ምርመራ ቀነሰ ሲል ሌላው ለውጥ አላየም።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። አዲስ የተያዘች ድመት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል የተውሳኩን ዘር ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች። ዘሩ በእርጥብ አፈር ከዓመት በላይ ይኖራል፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁም ውሃው ይዞት ይሄዳል። ሰው ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ ጎመን፣ ባልፈላ ውሃ፣ ከሁሉም ይልቅ በጥሬ ሥጋና ለብ ለብ በተደረገ ዱለት ይውጠዋል። በግም ላምም ከሣር ጋር ይወስዱታልና።

ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። በአገራችን በተደረጉ የደም ምርመራዎችም ብዙ እናቶች ሳያውቁት ቀድሞ እንደ ያዛቸው ታይቷል፤ ለእነርሱ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። የሚያስፈራው በእርግዝና ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ ወደ ፅንሱ ይተላለፍና ሊያስወርድ፣ የሕፃኑን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ እርጉዝ ሴት ጥሬ ሥጋ ይቅርባት፤ ባልም ሆነ አማት በበዓል ቀን «ትንሽ ቅመሺ» ብለው አያስገድዷት። ሥጋው መሐሉ ቀይ እስከማይታይበት ድረስ ይብሰል። የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ጠርጎ ራቅ አድርጎ ይቅበር፤ ዘሩ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና ዕለቱን መጥረጉ ይጠቅማል። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ይፈላ፤ በክሎሪን ብቻ ይህ ዘር አይሞትም። ጓሮ የቆፈረች ሴት እጇን በሳሙና ትታጠብ። ለድመቷም ጥሬ ሆድቃ አትጣሉላት፤ ቀቅላችሁ ስጧት።