በክረምት ዕረፍት ልጆችን ኮምፒዩተር ለማስተማር

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቡሬ (የጎጃሟን ቡሬ ማለታችን አይደለም) የክረምት ዕረፍት ማለት ዝናብ ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የመማሪያ ክፍሎች ባዶ ይሆናሉ። በእነዚህ ክፍሎች ለልጆች የቴክኖሎጂ ትምህርት ለመስጠት የምታስቡ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች በመጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ኮምፒዩተር አለን?» ብላችሁ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ትምህርት ቤት በሌለባቸው በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ተሰጥተው ነበር። ልጆቹ ማንም ሳያሳያቸው ከፍተው መጠቀም ጀመሩ። ስለዚህ የልጆች ችሎታ አያሳስበንም። የሚያሳስበን ተራው ለማን እንደሚደርስ ነው። ስድስት ልጆች አንድ ኮምፒዩተር ሲከቡ ቁልፉን የሚነካው ጉልበተኛው ነው፤ ውኃ ቀድታ ዘግይታ የመጣችው ልጅ ከኋላ ቆማ ታያለች።

ስለዚህ ግማሹን ትምህርት ያለ ኮምፒዩተር ስጡ። አንዱ ልጅ «ማሽን» ይሁን፤ ሌላዋ «ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር» የሚል ትእዛዝ በወረቀት ጽፋ ትስጠው። ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ ስህተቱ ከጽሑፉ ነውና እርሷው ታርመዋለች። ፕሮግራም መጻፍ ማለት ይኸው ነው። ግማሾቹ ይህን ሲሠሩ፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው «ስክራች» በተባለው ፕሮግራም ይለማመዱ። ይህ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አስቀድሞ ከተጫነም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አማርኛም አለው፤ የቡሬ ልጆች ግን በትምህርት ቤት የሚማሩት በኦሮምኛ ስለሆነ አስተማሪው በኦሮምኛ ያስረዳ።

በደመና ወቅት የፀሐይ ሰሌዳ ኃይሉ ይቀንሳል፤ መብራት ባለበት ሌሊት ባትሪዎቹን ቻርጅ አድርጉ። የትምህርቱን ሰዓት ደግሞ ከእናቶች ጋር ተነጋግራችሁ፣ ውኃ ከተቀዳ በኋላ አድርጉት።