ሁሉም መስመር ተፈተሸ ማለት ስህተት የለም ማለት ነው?

ከባንክ እስከ አውሮፕላን ያሉ ሶፍትዌሮች በኮምፓይለር ያልፋሉ፤ ኮምፓይለር ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ የሚቀይር ነው። እርሱ ሲሳሳት ትክክለኛው ኮድም የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ በውስጡ "አሰርሽን" የተባሉ መቆጣጠሪያዎችን ያኖራሉ፤ እውነት መሆን የሚገባው ነገር ሐሰት ሲሆን ሥራውን ያስቆማሉ።

ፍተሻ የደረሰበት የኮድ ድርሻ በመቶኛ ይለካል። መለኪያው ግን መስመሩ መሠራቱን እንጂ አሰርሽኑ በአስቸጋሪ ኮድ መፈተኑን አያሳይም።

የአሜሪካው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እአአ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሲስሚዝ በተባለ መሣሪያ በዘፈቀደ በተዘጋጁ ፕሮግራሞች አማካኝነት በሲ ቋንቋ ኮምፓይለሮች ውስጥ ከ325 በላይ ያልታወቁ ስህተቶችን ማግኘታቸውን ገለጹ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያጋለጡት አሰርሽኖች ነበሩ። በታዋቂዎቹ ጂሲሲ እና ኤልኤልቪኤም ግን የተፈተሸው የኮድ ድርሻ እምብዛም አልጨመረም።

ከፍተኛ መቶኛ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።