ፈረሳችን በክረምት የት ይደር?

ክረምት ሲገባ የጋማ ከብት ባለው ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፈረሱ፣ በቅሎውና አህያው የት ይዋሉ? የትስ ይደሩ?

በበጋ ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። እህሉ ታጭዷል፤ መሬቱ ደርቋል፤ ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ ይሰማራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ነገሩ ይለወጣል። ማሳው በእህል ተይዟል። ጥቁሩ የዋልካ መሬት ውሃ ያቁራል። የቀረው የግጦሽ መሬት ጨፌው ብቻ ይሆናል። እሱም ረግረግ ነው።

በሮብ ገበያ ይሁን በቢቸና ወይም በሞጣ፣ በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ሐሳብ አለ። አንዱ ወገን፣ «ፈረስ የሜዳ እንስሳ ነው። ጠጉር አለው፤ ዝናብ አይገድለውም። ቤት ከዋለ ነው የሚታመመው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «ፈረስ ገንዘብ ነው። ብርድ ይመታዋል፤ ጅብ ይበላዋል። ክረምቱን ከጋጣ አይውጣ» ይላል። እኛስ የትኛውን እንከተል? ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ግማሽ ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከተው።

ዝናብ ብቻውን ፈረስን ይገድላልን?

ጤነኛና ጠገብ ያለ ፈረስ ዝናብን ይችላል። ጠጉሩ ቅባት ስላለው ውሃው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሆዱ ውስጥ ያለው ሣርና ገለባ ሲብላላ ሙቀት ይሰጠዋል። ስለዚህ የጠገበ ፈረስ ብርድን ይቋቋማል። የተራበ ፈረስ ግን ምድጃው የጠፋ ቤት ማለት ነው።

አስቸጋሪው ዝናብና ነፋስ ሲገናኙ ነው። በተለይ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ በረዶ ሲጥል፣ ጠጉሩ እስከ ቆዳው ይርሳል። ያን ጊዜ ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፤ ጀርባውን ያጎብጣል፤ ጆሮው ይቀዘቅዛል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ፈረሱን ከጣሪያ ሥር ማስገባት አለበት። ውርንጭላ፣ አዲስ የወለደች ባዝራ፣ ያረጀ፣ የከሳና የታመመ ፈረስ ግን ምልክቱ እስኪታይ አይጠበቅም።

አህያን እንደ ፈረስ መቁጠር አይገባም። የአህያ ጠጉር ውሃ ያስገባል። ቶሎ ይርሳል፤ ቶሎም ይበርደዋል። ጣሪያ ከፈረስ ይልቅ ለአህያ ያስፈልጋል።

የጭቃ ጉዳት

ከዝናቡ ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ከእግር በታች ያለው ነገር ነው። ፈረስ ቀንና ሌሊት ጭቃ ውስጥ ከቆመ ኮቴው ይለሰልሳል። ከሥሩ በኩል ይበሰብሳል፤ ጥቁር እድፍ ያወጣል፤ ይከረፋል። ፈረሱም ማነከስ ይጀምራል። ቆዳውም ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ሲቀር በጀርባውና በዳሌው ላይ ቅርፊት ያወጣል። ጠጉሩ ከቅርፊቱ ጋር ይነቀላል። በዚያ ላይ ኮርቻ ከተጫነበት ገጣባ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው በአንድ ቦታ አስሮ መተው ነው። የታሰረ ፈረስ የቆመበትን መሬት ራሱ ያቦካዋል። ፋንድያውና ሽንቱ ከጭቃው ጋር ይቀላቀላል። ከጨፌው ዳር ካለው የቆመ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ አልቅት ይገባበታል። የጉበት ትልም ከእንዲህ ያለው ርጥብ ቦታ ይመጣል።

የጋጣም ጉዳት አለው

ታዲያ «ከጋጣ አይውጣ» ያለው ወገን ትክክል ነው ማለት ነው? አይደለም። ጋጣው የታፈነና ያልተጠረገ ከሆነ ሽንቱ ሽታ ያወጣል። ሰው ገብቶ ዓይኑን ካቃጠለው፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ የሚተነፍስ ፈረስ ሳንባው ይጎዳል። ርሶ የሻገተ ገለባ ሲበላም ያስለዋል፤ ቁርጠትም ሊይዘው ይችላል። ሳይንቀሳቀስ የሚውል ፈረስ እግሩ ያብጣል። ደግሞም ወለሉ ርጥብ ከሆነ ጋጣውም ያው ጭቃ ነው፤ ልዩነቱ ጣሪያ ያለው ጭቃ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ቤት ወይስ ሜዳ ከማለት ላይ አይደለም። የቆመበት መሬት ደረቅ ነው ወይ? ሰዓቱስ ስንት ሰዓት ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሰዓቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥለን እናያለን።

ትንኝ የምትወጣበት ሰዓት

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል ክፉ በሽታ አለ። በአገራችን በብዛት የሚታየው ክረምቱ ሲገባደድና ዝናቡ ሲያባራ ነው። የታመመው ፈረስ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይተነፍጋል፤ ያስለዋል። ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል። ጠዋት ደህና የነበረ ፈረስ ማታ ሊሞት ይችላል። ካልተከተቡና በሽታውን ቀድሞ ከማያውቁት ፈረሶች መካከል ከ10 ውስጥ 7 እስከ 9 ሊሞቱ ይችላሉ። በቅሎ ከፈረስ የተሻለች ናት፤ ቢሆንም ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። አህያ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታመም ያልፋል። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም።

ይህ በሽታ ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም። የምታስተላልፈው ደም የምትመጥ በጣም ትንሽ ትንኝ ናት። ይህን በ1936 ዓ.ም. ገደማ ያረጋገጠው ዱ ቶይት የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪ ነው። ከዚያ በፊት ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ብዙ ፈረስ አልቆባቸዋል። በዚያው አገር በ1847 ዓ.ም. ገደማ 70,000 ያህል ፈረሶች ሞተዋል።

ትንኟ የምትራባው ፋንድያ በተቀላቀለበት ርጥብ ጭቃ ውስጥ ነው። የምትናከሰውም ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሌሊቱንና ጎሕ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ሲበረታና ነፋስ ሲነፍስ ትሸሸጋለች። ብዙዎቹ ትንኞች ቤት ውስጥ መግባት አይወዱም። ስለዚህ ማታ ከጣሪያ ሥር የገባ ፈረስ ሜዳ ካደረው ያነሰ ይነከሳል። እንግዲህ በጨፌ ዳር የታሰረና እዚያው ያደረ ፈረስ ትንኟ በተፈለፈለችበት ቦታ፣ በምትናከስበት ሰዓት ቆሞ ይጠብቃታል ማለት ነው።

ይህ ነገር በሌላ አገርም ታይቷል። ከዚያ በፊት በሽታውን በማታውቀው በታይላንድ በ2012 ዓ.ም. ገብቶ ከ500 በላይ ፈረሶችን ጨረሰ። የዚያ አገር ሰዎች ፈረሶቻቸውን በወንፊት መሰል መረብ በተሸፈነ ጋጣ ውስጥ አስገቡ። ጤነኞቹን አስከተቡ፤ ፈረስ ከቦታ ወደ ቦታ እንዳይዘዋወርም ከለከሉ። በዚህ ዘዴ በሽታውን ገቱት።

አበው፣ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ከትንኝም ጋር ቢሆን ፈረስ መዋጋት አይችልም። የሚዋጋለት ባለቤቱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወደ 2 ሰዓት ገደማ፣ ፈረሱን እናውጣ። የምናሰማራውም ጨፌው ላይ ሳይሆን ውሃ የማያቁር ጉብታ ወይም ተዳፋት ላይ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታውን እንለውጥ።

2. ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እናስገባ። ጸሐይ እስክትጠልቅ አንጠብቅ። እረኛ ልጆች ይህን ሰዓት እንዲያውቁት ማድረግ አለብን።

3. ብርቱ ዝናብ ከነፋስና ከበረዶ ጋር ሲመጣ ቀንም ቢሆን እናስገባ። ካፊያ ሲሆን ግን ይዋል።

4. ክረምቱ ሲወጣ «ዝናቡ አባርቷል፤ እንግዲህ ሜዳ ይደር» አንበል። መስከረምና ጥቅምት ትንኝ የሚበዛበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ፈረስ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ማደር አደጋ አለው።

5. በየዓመቱ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት እናስከትብ። የዚህ በሽታ ክትባት በአገራችን ይሠራል፤ የሚያዘጋጀውም ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ክትባቱ መቼ እንደሚሰጥ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጠይቅ። አበው እንደሚሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጋጣው እንዴት ይሠራ?

ጋጣ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ለአንድ ፈረስ 3 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል። ቦታው ከፍ ያለ ይሁን። ወለሉን በድንጋይና በጠጠር ከፍ አድርገን፣ ሽንቱ እንዲወርድ ወደ አንድ ጎን እናዘንብለው። ዙሪያውን ቦይ እንቆፍር። በሩ ከዝናቡ አቅጣጫ ይመለስ፤ ጅብም እንዳያስገባ ይጠንክር። ከግድግዳው በላይ አየር የሚያስገባ ክፍት ቦታ እንተው። ትንኝ እንዳይገባበትም አሮጌ ነጠላ እንወጥርበት። የልጆችን አጎበር አውርዶ ለፈረስ መስቀል ግን አይገባም። አጎበሩ የተሰጠው ሰውን ከወባ እንዲጠብቅ ነው።

ኩበት ማጨስ ትንኝን ያባርራል። የሚጨሰው ግን ከደጅ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንጂ ከውስጥ አይደለም። ከውስጥ ከሆነ ሳንባውን ይጎዳል፤ እሳትም ያስነሣል።

ፋንድያው በየቀኑ ተጠርጎ ከጋጣው ራቅ ብሎ ይከመር። ለማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ይህ ሥራ የሴቶችና የልጆች ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ፈረሱ የሚጠቅመው ሁሉንም ነው፤ ጋጣውንም ሁሉም ይጥረግ።

«ማታ ምን ይበላል?» የሚል ጥያቄ መኖሩ አይቀርም። መልሱ በነሐሴ አይገኝም፤ በጥቅምትና በኅዳር ነው የሚገኘው። ያን ጊዜ ሣሩን አጭደን፣ አድርቀን፣ ከምረንና ከድነን ያቆየን እንደሆነ ክረምቱን ድርቆሽ አናጣም። የጤፍ ጭድም ደረቅ ከሆነ ይረዳል። ጓያ ግን ለፈረስ አይሰጥ። የኋላ እግሩን ያሽመደምደዋል፤ ትንፋሹንም ያሳጥረዋል።

ከገበያ ሲመለስ

ፈረስ ርሶና አልቦት ከገበያ ሲመለስ ወዲያው ከጋጣ አይከተት። ጭነቱን አውርደን በጭብጥ ገለባ ጀርባውን እናሸው። ትንፋሹ እስኪረጋ ጥቂት እናንሸርሽረው። ኮቴውን አንሥተን ጭቃውንና ጠጠሩን በእንጨት እናውጣለት። በርጥብ ጀርባ ላይ ኮርቻ አንጫን። ከኮርቻው በታች የሚነጠፈውንም ሳናደርቅ መልሰን አንጠቀምበት።

ፈረሱ ካሳለ፣ ከተነፈገ ወይም ፊቱ ካበጠ ሥራ እናቁም። የታመመ ፈረስ ሲሠራ ሞቱ ይፈጥናል። ከጋጣ አስገብተን ለባለሙያው እንንገር። ከሞተም ውሻ እንዳይበላው በጥልቅ እንቅበረው፤ ውሻም ሥጋውን በልቶ በዚህ በሽታ ይሞታል።

በመስከረም ፈረሱ የሞተበት ገበሬ እህሉን ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ የሚያጓጉዝለት አያገኝም። በኪራይ ያጓጉዛል፤ አለዚያም በትከሻው ይሸከማል። ፈረሱን በ11 ሰዓት ለማስገባትና ጠዋት በ2 ሰዓት ለማውጣት ግን የሚጠይቀው ትጋት ብቻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአህያ ጠጉር ከፈረስ ጠጉር በምን ይለያል?
2. ፈረስ በጨፌ ዳር ማደር የሌለበት ለምንድን ነው?
3. በእናንተ መንደር ውሃ የማያቁር የግጦሽ ቦታ የቱ ነው? በተራ ለመጠቀም ምን ቢደረግ ይሻላል?