ኮዱ ከመሻገሩ በፊት

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ያደረገው ጂሲሲ የተባለ ኮምፓይለር ዶስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እንደማይሠራ ይናገር ነበር፤ ጂሲሲ ግዙፍ፣ ዶስ ደግሞ ባለ 16 ቢት። ዲጄ ዴሎሪ የተባለ ፕሮግራመር ግን «እስቲ እናያለን» ባይ ሆነ። በ1989 የጀመረው ዲጄጂፒፒ ጂሲሲን በባለ 32 ቢት አሠራር ዶስ ላይ አስኬደው። በ1996 የወጣው ኩዌክ የተሰኘው ጌም የዶስ ቅጂ ኮምፓይል የተደረገውም በዚሁ ነው። ጌሙን የሚያስታውስ ሞልቷል፤ ኮምፓይለሩን ግን ማን ያነሣዋል?

ኮምፓይለር የሰውን ኮድ ወደ ማሽን መመሪያ ይለውጣል። ይህ የታወቀ ነው። ችግሩ ብዙዎች «ሁሉም ያው ነው» ብለው ያገኙትን ማንሣታቸው ነው።

የሊኑክስ ፕሮግራም ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር ሲግዊን የተባለው መሣሪያ ያጓጓል፤ ኮዱ ብዙም ሳይነካ ያልፋል። ምስጢሩ የሊኑክስን ጥሪዎች ወደ ዊንዶውስ የሚተረጉመው ዲኤልኤል ፋይል ነው። ፕሮግራሙን ለወዳጁ ልኮ ያንን ፋይል የረሳ ሰው «እኔ ጋ ይሠራል» ማለቱ አይቀርም። ጂሲሲን ለዊንዶውስ ያዘጋጀው ሚንጂደብልዩ ያን አስተርጓሚ አያስገባም፤ «ፎርክ» የሚል ጥሪ ያለበት ኮድ እዚያው ይቆማል፣ ዊንዶውስ ፎርክ የለውምና። በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር የተሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ የሚፈልግ ደግሞ ወይ ያንኑ ኮምፓይለር ወይ ከእሱ ጋር የሚስማማውን ክላንግ ይያዝ፤ የሚንጂደብልዩ ጂሲሲ የፈንክሽን ስሞችን የሚመዘግበው በሌላ መንገድ ስለሆነ አይገናኙም። ጉግል የዊንዶውሱን ክሮም በ2018 ወደ ክላንግ ሲያዞር ይህ መስማማት ጠቅሞታል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ነው። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሎንግ 8 ባይት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን 4 ባይት፤ ማይክሮሶፍት የቆየው ባለ 32 ቢት ኮድ እንዳይበላሽ ሲል እዚያው አስቀርቶታል። ሚንጂደብልዩም ይህንኑ ይከተላል። ባለ 64 ቢቱ ሲግዊን ግን እዚያው ዊንዶውስ ላይ ተቀምጦ 8 ይላል! አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮድ፣ ሁለት መልስ።

የአንድ ፋይል መጠን 3,000,000,000 ባይት ነው እንበል። ባለ 4 ባይቱ ሎንግ የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ‑1,294,967,296 ሆኖ ይወጣል። ጂሲሲም ማስጠንቀቂያው ካልተከፈተለት በቀር ትንፍሽ አይልም። ኮምፓይል ሲደረግ ስሕተት አልታየም ብሎ «ተሻገረ» የሚያውጅ ሰው መታገሥ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሲባል የ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ስፋታቸው የታወቀ ዓይነቶችን፣ ለምሳሌ ኢንት64ን፣ አምጥቷል፤ ማይክሮሶፍት እነሱን የያዘውን ሄደር ያስገባው በ2010 ቢሆንም።

የሎንግን ስፋት የሚያትም ባለ አንድ መስመር ፕሮግራም በእያንዳንዱ ኮምፓይለር መሞከር ደቂቃ አይፈጅም። ሊኑክስ ላይ ሎንግ እንዳለ በባይት የተጻፈበት የዳታ ፋይል ካለ ግን ኮዱን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ባለ 4 ባይቱ አንባቢ ከመጀመሪያው ሎንግ ጀምሮ በእያንዳንዱ ሎንግ አራት አራት ባይት እየተዛነፈ ይሄዳል።